የሕፃን ሸለፈት አለመሳቡ በሽታ አይደለም

ተናድጄ ነው የምጽፈው። አዲስ አበባ ውስጥ ከላምበረት እስከ ካራ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ክሊኒክ ሞልቷል፤ ከአንዳንዱ «ፋይሞሲስ (የሸለፈት መጥበብ)፣ ግርዛት ያስፈልገዋል» የሚል ወረቀት እየተጻፈ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ለቀዶ ሕክምና ይላካል። ልጁ ሲሸና አያለቅስም፣ ትኩሳት የለውም፣ ሽንቱም አልታገደም። «ሕመሙ» ሸለፈቱ ወደ ኋላ አልሳብ ማለቱ ብቻ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ አለመሳቡ ጤና ነው። ወላጆች ልጃቸውን በእምነታቸው ወይም በባህላቸው ማስገረዝ ከፈለጉ ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ የሌለ በሽታ ጠርቶ ከሚያስደነግጣቸው፣ በቅባት ሊድን የሚችለውን ሳይነግራቸው ወደ ምላጭ ከሚነዳቸው አሠራር ጋር ነው። የምናገረውም ስለ ወንዶች ልጆች ብቻ ነው፤ የሴት ልጅ ግርዛት በ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 የሚያስቀጣ ወንጀል ስለሆነ ከዚህ ጉዳይ ጋር አይቀላቀልብኝ።

1. ተፈጥሮው። ወንድ ልጅ ሲወለድ የሸለፈቱ ውስጠኛ ገጽና የብልቱ ጫፍ እንደ ጥፍርና ሥጋ የተጣበቁ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ስስ ሽፋን ከጊዜ ጋር በራሱ እየረገፈ ያለያያቸዋል፤ የአንዱ ልጅ በሦስት ዓመቱ ይከፈታል፣ የሌላው አሥር ዓመት አልፎት፣ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ብሪታንያዊው ሐኪም ዳግላስ ጌርድነር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ አዲስ ከተወለዱ ሕፃናት ሸለፈታቸው ሙሉ በሙሉ የሚሳበው 4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ዴንማርካዊው ያኮብ ኦስተር ደግሞ ወደ 2,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን ለዓመታት ተከታትሎ ውጤቱን በ1968 አወጣ። በ6 እና በ7 ዓመታቸው 63 በመቶው ገና የተጣበቀ ነበር፤ 16 እና 17 ዓመት ሲሞላቸው 3 በመቶ ብቻ ቀረ። የሸለፈቱ አፍ የጠበበውም በዚያው የዕድሜ ልዩነት ከ8 በመቶ ወደ 1 በመቶ ወረደ። ጊዜ ብቻ ነው ይህን ያደረገው። ሲሸና ሸለፈቱ መነፋቱም ሽንቱ በደንብ እስከወጣ ድረስ ብቻውን አደጋ አይደለም። ከቆዳው ሥር ነጭ ቅንጣት ቢታይ መግል እንዳይመስላችሁ፤ የረገፈ የቆዳ ሽፋን የተጠራቀመበት ነው፣ አንቲባዮቲክ አይፈልግም፣ መንገዱ ሲከፈት ራሱ ይወጣል።

2. በግድ መሳብ። ዋናው ንዴቴ እዚህ ላይ ነው። «ስታጥቢው ሸለፈቱን ወደ ኋላ እየሳብሽ ውስጡን አጽጂለት» የሚለውን ምክር እናቶች ከጎረቤት ብቻ ሳይሆን ነጭ ጋዋን ከለበሰ ባለሙያ አፍም ይሰማሉ። አንዳንዱ ባለሙያ እናትየዋ ፊት ራሱ በአውራ ጣቱ ስቦ ያላቅቀዋል፤ ልጁ ይጮኻል፣ ይደማል፣ ከዚያ «አሁን ተከፍቷል» ተብሎ ወደ ቤቱ ይላካል። ምን እንደተደረገ በግልጽ ልናገር። ገና ያልተለያዩ ሁለት ገጾች ተቀደዱ። ሲድኑ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ቁስሎች መልሰው ይጣበቃሉ፤ የሸለፈቱ አፍ ላይ የተሰነጠቀውም ጠባሳ ይሠራል። ጤነኛ የሕፃን ቆዳ ይለጠጣል፣ ጠባሳ ግን አይለጠጥም። ስለዚህ ትናንት ያልነበረው እውነተኛ ፋይሞሲስ በእኛው በሕክምና ባለሙያዎቹ እጅ ተሠራ ማለት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ያው ልጅ ተመልሶ ሲመጣ ሸለፈቱ ነጣ ብሎ ተቋጥሮ ይታያል፤ «ድሮም መገረዝ ነበረበት» ይባላል። ለራሳችን ጉዳት ልጁን ጥፋተኛ አድርገን ቀዶ ሕክምናውን የምናስከፍለው ደግሞ ለወላጆቹ ነው። ይህን እንደ ቀላል የአሠራር ስህተት ልመለከተው አልችልም።

በግድ የተሳበ ሸለፈት ሌላም ጣጣ አለው። ተስቦ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ጠባቡ ቀለበት ከብልቱ ጫፍ በታች ያንቃል፤ ጫፉ ያብጣል፣ እብጠቱ ደግሞ መመለሱን የባሰ ይከለክላል። ፓራፋይሞሲስ የሚባለው ይህ ነው፣ ድንገተኛ ሕክምና የሚያስፈልገውም ነው። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን» አይባልም፤ ደም ካልደረሰው ጫፉ ሊሞት ይችላል። እዚህም ቢሆን የመጀመሪያው ሕክምና ምላጭ አይደለም። ባለሙያው ሕመሙን አስታግሶ እብጠቱን ለደቂቃዎች በመዳፉ ጨምቆ ይይዛል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይጠቀማል፤ እብጠቱ ላይ የሚደረግ ተራ ስኳርም ውኃውን ስቦ ያወጣል፣ በሕክምና መጻሕፍት የተመዘገበ ዘዴ ነው። አብዛኛው በእጅ ይመለሳል፤ እምቢ ካለ ነው ቀለበቱ በትንሹ የሚሰነጠቀው።

የንጽሕናው ነገር ቀላል ነው። የሕፃን ሸለፈት ከውጭ በውኃ ይታጠባል፤ አለቀ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ለወላጆች የሚመክረው በግድ እንዳይስቡ ነው። መጀመሪያ የሚስበው ልጁ ራሱ ይሁን፤ ከቻለ በኋላ ስቦ በውኃ መታጠብን፣ ከዚያም ወደ ቦታው መመለስን ማስተማር ነው።

3. ቅባቱ። ልጁ አድጎም አፉ ጠብቦ ከቀረ፣ ወይም በመጥበቡ ምክንያት እየተመላለሰ የሚቆጣ ከሆነ የመጀመሪያው ሕክምና ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ቤታሜታዞን ነው። በቀን ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀባል፤ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይቆያል። የሚቀባው ጠባቡ ቀለበት እንጂ ብልቱ በሙሉ አይደለም፤ ይህን የማይነገረው ወላጅ ትዩቡን ብልቱ ላይ በሙሉ ቀብቶ ጨርሶ «አልሠራም» ብሎ ይመለሳል። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ሸለፈቱ በቀስታ፣ ልጁን እስከማያመው ድረስ ብቻ እየተሳበ ይለመዳል። ካመመው ይቆማል። ቅባቱ ሲያልቅም ልምምዱ ካልቀጠለ ተመልሶ ሊጠብ ይችላል። ኮክሬን በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014፣ 12 ጥናቶችን፣ በውስጣቸውም 1,395 ልጆችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር፤ ስቴሮይድ የተቀቡት መድኃኒት የሌለው ቅባት ከተቀቡት ይልቅ በግልጽ በላቀ ቁጥር ተከፍቶላቸዋል፣ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳትም አልታየም። ይህን ያህል ማስረጃ ያለው፣ ዋጋው ከቀዶ ሕክምና ጋር የማይወዳደር ትዩብ እያለ ለወላጅ አለመንገር ምን ይባላል?

«ስቴሮይድ ቆዳ ይጎዳል» የሚለው ፍርሃት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሰዉ ስቴሮይድን የሚያውቀው ፊት ለማቅላት ሲቀባ ነው፤ ክሎቤታሶልን ያህል ኃይለኛ መድኃኒት ያለ ማዘዣ ተገዝቶ ለዓመታት ፊት ላይ ይውላል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይወጣል። እዚያ ላይ ፍርሃቱ ትክክል ነው። ጣት በማትሞላ ቦታ ላይ በስሱ፣ ለተወሰነ ሳምንት፣ በባለሙያ ክትትል የሚቀባው ግን ሌላ ነገር ነው። የሚያናድደው ግን ፋርማሲ ሄዶ «ለልጁ ሸለፈት» ሲባል ስቴሮይድ፣ ፀረ ፈንገስና አንቲባዮቲክ በአንድ ላይ የታሸጉበትን ድብልቅ ቅባት ማንሳት ነው። መጥበብ ኢንፌክሽን አይደለም፤ አንቲባዮቲኩ እዚያ ምን ይሠራል? ፋርማሲስቶች ሙያቸውን ያከበሩ ሰዎች ናቸውና ማዘዣ ይጠይቁ፣ የቱ ጋር ለስንት ሳምንት እንደሚቀባም ይንገሩ።

ሸለፈቱ ቀልቶና አብጦ ሲሸና የሚያመው ልጅም አለ። ያ መቆጣት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በለብ ያለ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ሳሙናና የሚያሳክክ ነገር መተው፣ ፈንገስ ከሆነ የፈንገስ ቅባት ይበቃዋል። አንዴ ተቆጣ ተብሎ አይገረዝም። የተገረዘ ልጅም አንዳንዴ የቀረው ቆዳ መልሶ ከጫፉ ጋር ይጣበቅበታል። በስስ የተጣበቀው አብዛኛው ልጁ ሲያድግ ይላቀቃል፣ ቅባቱም ያግዘዋል፤ «አልተስተካከለም፣ ይደገም» ተብሎ ድጋሚ ምላጭ የሚነሳበትን ግን መስማት ሰልችቶኛል። ወፍራም የቆዳ ድልድይ ከሠራ ብቻ ነው ሐኪም የሚለየው።

ቀዶ ሕክምና ፈጽሞ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የሸለፈቱ አፍ ነጭና ደረቅ ሆኖ የሚጠነክርበት ላይክን ስክሌሮሰስ የሚባል በሽታ አለ፤ ቅባት ብዙ ጊዜ አይበቃውም፣ ግርዛት እውነተኛ ሕክምናው ነው። ሽንት የሚያግድ፣ ቅባቱ በትክክል ተሞክሮ ያልረዳው፣ በተደጋጋሚ የሚመረቅዝም እንዲሁ። ከዚህም መካከል ለአንዳንዱ ጠባቡ ቀለበት ብቻ ተሰንጥቆና ሰፍቶ ሸለፈቱ ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። «ግርዛት ኤች አይ ቪ ይከላከላል» ይባላል። እውነት ነው፤ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉት ሦስት ሙከራዎች ወንዱ ከሴት የሚያዝበትን ዕድል 60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2007 በዚያ ላይ ተመሥርቶ ምክሩን አወጣ፤ በእኛ አገር ፕሮግራሙ ግርዛት እምብዛም ባልተለመደበት በጋምቤላ የተተከለው ለዚህ ነው። ያ ግን ፈቅዶ ለሚመጣ ጎልማሳና ወጣት የተሰጠ የመከላከያ ምክር ነው እንጂ የሁለት ዓመት ልጅ ሸለፈት በሽተኛ ነው ለማለት ማስረጃ አይሆንም። የሽንት ኢንፌክሽንም እንዲሁ፤ ግርዛት ይቀንሰዋል፣ ነገር ግን በጤነኛ ወንድ ልጅ ላይ ድሮውንም ጥቂት ስለሆነ አንዱን ለመከላከል መቶና ከዚያ በላይ ልጆች መገረዝ አለባቸው። ሁለቱንም ጥቅም ለወላጅ በሐቅ መንገር ይቻላል፤ በሐሰት ምርመራ ውስጥ መደበቅ ግን አያስፈልግም።

«እኛ አገር ሁሉም ይገረዛል፣ ታዲያ ለምን ትደክማለህ?» የሚለው ከሁሉም ይበረታል። በእርግጥም እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ወንዶች ከአሥሩ ዘጠኙ የተገረዙ መሆናቸውን ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ጥር 6 ግዝረትን ታከብራለች፣ ሕፃናትም በስምንተኛው ቀን ይገረዛሉ። ዐፄ ገላውዴዎስ ግን እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የእምነት መግለጫ ግርዛቱ እንደ ሙሴ ሕግ ሳይሆን እንደ አገር ልማድ የሚደረግ መሆኑን አስረድተዋል። ልማድ ከሆነ ደግሞ በጤናው ቀን፣ በማደንዘዣና በንጹሕ መሣሪያ፣ ወላጅ እውነቱን አውቆ ሊያደርገው ይችላል። ምርመራው እውነት መሆን ያለበትም ለዚሁ ነው። ከመቁረጥ በፊት የሽንት መውጫው የት እንዳለ መታየት አለበት፤ ከ200 እስከ 300 ከሚደርሱ ወንዶች ልጆች አንዱ ላይ ቀዳዳው ከጫፉ በታች ይከፈታል፣ ሃይፖስፔዲያስ ነው። ይህን ልጅ በስምንት ቀኑም በስምንት ዓመቱም አትግረዙት፤ ሐኪሙ ሽንት ቧንቧውን የሚጠግንለት በዚያው በሸለፈቱ ቆዳ ነው። «ፋይሞሲስ» ብሎ ቸኩሎ የሚቆርጥ እጅ ይህንን ሳያይ ያልፋል። ደም የማይረጋለት የቤተሰብ አባል መኖሩንም መጠየቅ ግድ ነው።

የክሊኒኮች ቁጥጥር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፈቃድና የክፍል ብዛት ያያል፤ በዓመት ስንት ልጅ በምን ምርመራ እንደተገረዘ የሚጠይቅ የለም። ሥልጠናችንም መቁረጥን በእጅ ያለማምደናል፣ መጠበቅንና ቅባትን በአንድ መስመር ያልፈዋል። ቅባት ማዘዝ ለክሊኒክ ገቢ የለውም፤ ግርዛት አለው። የክሊኒክ ባለቤቶች ይህን ሲያነቡ ቅር ሊላቸው ይችላል። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ልጅን ለምላጭ ሲልኩ ወረቀቱ ላይ ስንት ሳምንት ቅባት ተሞክሮ እንዳልረዳ ይጻፍ። ባዶ ከሆነ፣ እናንት ወላጆች፣ ለምን እንዳልተሞከረ ጠይቁ፤ መልስ ካጣችሁ ሌላ ሐኪም አማክሩ። በጣም የሚያስቸኩል ነገር ሽንት መታገድና ሸለፈት ተስቦ መቅረት ነው፤ ሌላው ሳምንታት ይጠብቃል።

ስለ ትልልቆቹም አንድ ነገር ልጨምር። ዕድሜውን ሙሉ ሲሳብ የኖረ ሸለፈት በ45 ወይም በ50 ዓመት መጥበብ፣ መሰነጣጠቅና በተደጋጋሚ ነጭ ፈንገስ ማውጣት ከጀመረ ከቅባቱም ከግርዛቱም በፊት የደም ስኳር ይለካ። ስኳሩ ሳይስተካከል ፈንገሱ ይመላለሳል፣ ቢገረዝም ቁስሉ ይዘገያል። ምርመራው በየጤና ጣቢያው የሚሠራ የጣት ደም ነው።