በጭነት መኪና ላይ ኢንቨርተር እንዴት ተመርጦ እንደሚገጠም

ከዝዋይ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት አስጭነው፣ በ2013 ዓ.ም. ከጃን ሜዳ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሰፈር ወደ ተዛወረው የአዲስ አበባ የአትክልት ገበያ የሚመጡ ገበሬዎች፣ ሌሊቱን ብዙ ጊዜ የሚያሳልፉት ከመኪናው ጋር ነው። ለማውረጃ መብራት፣ ለስልክ፣ አብሮ ላለው የልማት ሠራተኛም ለላፕቶፑ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ይህንን ከመኪናው ባትሪ ለማግኘት የሚያስችለው ዕቃ ኢንቨርተር ይባላል። ሥራውም የባትሪውን ዝቅተኛ ቮልት፣ በቤት ሶኬት ወደምናገኘው 220 ቮልት መለወጥ ነው።

ዕቃውን ለመግዛት በቦሌ መንገድ ወዳለው የደምበል ሕንፃና በአካባቢው ወዳሉት ሱቆች ቢሄዱ፣ የሚሄዱት በታክሲ እንጂ በጭነት መኪናው አይደለም። (ደምበል የዝዋይ ሐይቅም ስም ስለ ሆነ፣ የዚያ አገር ሰው ስሙ አዲስ አይሆንበትም።) ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ይጻፉ፤ ይኸውም የመኪናው ኤሌክትሪክ ስንት ቮልት እንደ ሆነ፣ በባትሪው ላይ የተጻፈውን የአምፔር ሰዓት ቁጥር፣ እንዲሁም ሊያሠሩ የሚፈልጉትን የያንዳንዱን ዕቃ ዋት ነው።

ከሦስቱ ዋነኛው ቮልቱ ነው። በአገራችን ብዙ ጭነት የሚያመላልሰው አይሱዙ ኤን ፒ አር ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ሲኖሩት፣ በተከታታይ ስለ ተያያዙ ድምሩ 24 ቮልት ይሆናል። ፒክአፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ነው። ባለ 12 ቮልት ኢንቨርተር በ24 ቮልት ላይ ከተገጠመ ይበላሻል፤ ባለ 24ቱም በ12 ላይ አይሠራም።

እዚህ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ መጥቀስ ያስፈልጋል። ባለ 12 ቮልት ኢንቨርተር ረከስ ብሎ ሲገኝ፣ በ24 ቮልት መኪና ላይ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ገመድ ስቦ የሚያሠራ ሰው አለ። ለጊዜው ይሠራል፤ ጉዳቱ የሚታየው ውሎ አድሮ ነው። ኃይል የሚወሰድበት ባትሪ ይራባል። ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ስለሚሞላ፣ የተራበውን ሳያጠግብ ያልተነካውን ከመጠን በላይ ሞልቶ ውሃውን ያደርቀዋል። አንዱ በሬ ተርቦ ሌላው ጠግቦ ቢጠመዱ እርሻው እንደማይሄድ ሁሉ፣ ሁለቱም ባትሪዎች ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ጭነት የያዘ መኪና መንገድ ላይ ሞተሩ አልነሳ ሲል፣ ቲማቲሙ ፀሐይ ላይ ውሎ ምን እንደሚሆን ለገበሬ አይነገርም። 12 ቮልት ግድ ከሆነ፣ 24ን ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ ለብቻው ይገዛል።

ቀጥሎ ዋቱን ይደምሩ። ለምሳሌ ላፕቶፕ 65፣ ሁለት ስልኮች 40፣ ሁለት መብራቶች 30 ቢሆኑ ድምሩ 135 ዋት ነው፤ ለዚህ ባለ 300 ዋት ኢንቨርተር ከበቂ በላይ ነው። ሞተር ያለው ዕቃ ሲነሳ ከተጻፈበት ዋት ብዙ እጥፍ ስለሚወስድ፣ ለእርሱ ተለቅ ያለና «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የተባለው ዓይነት ይሻላል። ስልክ ብቻ ለመሙላት ከሆነ ግን ኢንቨርተር አይግዙ፤ በሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካ ትንሽ ቻርጀር ይበቃል። የእንጀራ ምጣድም ከቶ አይታሰብ፤ 3000 ዋት የሚወስድ ምጣድ ከ24 ቮልት ባትሪ ከ125 አምፔር በላይ ይስባል።

ይህም ሒሳብ ቀላል ነው፤ ዋቱን በቮልቱ ማካፈል ነው። 300 ዋት በ24 ቮልት 12.5 አምፔር ይሆናል፤ የሚባክነው ሲጨመር ወደ 15 ይጠጋል። ሁለት ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ ቮልቱ እንጂ አምፔር ሰዓቱ አይደመርም፤ 70 እንጂ 140 አይሆንም። ለሞተር ማስነሻ እንዲተርፍ ከሲሶው በላይ አይውሰዱ። እንግዲህ ሞተሩ ጠፍቶ 300 ዋት ቢያሠሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ 40 ዋት መብራት ግን ሌሊቱን ያሳድራል። ኢንቨርተሩ ባትሪው ሲደክም ይጮኻል ብለው አይመኑ፤ ብዙዎቹ የሚጮኹት ባትሪው ሞተር ማስነሳት ካቃተው በኋላ ነው። በቴስተር ለክተው 24.4 ቮልት ላይ ሲደርስ ያጥፉ፤ በ12 ቮልት መኪና 12.2 ላይ ነው።

አገጣጠሙን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ መስጠት ይሻላል፤ ሲሠራ ግን ቆመው ይዩ። በመጀመሪያ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታል፤ የሚታሰረውም በመጨረሻ ነው። ከፖዚቲቩ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባ፤ ለ300 ዋት በ24 ቮልት 20 አምፔር፣ ለ1000 ዋት 60 አምፔር ይበቃል። ፊውዝ የሌለው ገመድ ተልጦ ብረት ቢነካ መኪናውንም ጭነቱንም ያቃጥላል። የገመዱ ውፍረት ለመጀመሪያው 6፣ ለሁለተኛው 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ርዝመቱም ከሦስት ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

የአይሱዙ ጋቢና ወደ ፊት ስለሚከፈት፣ ከሻሲው ወደ ጋቢናው የሚያልፈው ገመድ በማጠፊያው በኩል ላላ ብሎ ይለፍ፤ አለዚያ ጋቢናው በተከፈተ ቁጥር ይሳባል፣ ይላጣልም። ኢንቨርተሩን ከወንበሩ ኋላ ደረቅና አየር በሚያገኝ ስፍራ በብሎን ይሰሩት እንጂ ጆንያ አይጫኑበት። ከባትሪው ሣጥን ውስጥ አይግባ፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ከኢንቨርተሩ የሚወጣው 220 ቮልት እንደ ቤቱ መብራት ሁሉ ሰው ይገድላልና፣ በእርጥብ እጅ አይነካ፤ በቤት የኤሌክትሪክ መስመር ላይም አይሰካ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ዕቃዎቹ ሩብ ሰዓት ይሥሩ፤ ከዚያ አጥፍተው ገመዱንና ማሰሪያዎቹን በእጅዎ ይዳስሱ። የሚያቃጥል ቦታ ካለ ማሰሪያው ላልቷል ወይም ገመዱ ቀጥኗል፤ ሳይስተካከል ጭነት አይነሣ።