የኪምሱጃ የጭቃ ገበታ

«የአእምሮ መዝገብ» ኮሪያዊቷ አርቲስት ኪምሱጃ እ.ኤ.አ. በ2016 ሶል በሚገኘው ብሔራዊ የዘመናዊና የወቅታዊ ጥበብ ሙዚየም ያቀረቡት የኢንስታሌሽን ሥራ ነው፤ ኢንስታሌሽን የሚባለውም ተመልካች ፊቱ ቆሞ የሚያየው ሥዕል ወይም ሐውልት ሳይሆን፣ አንድን ክፍል እንዳለ ይዞ ተመልካቹን ወደ ውስጡ የሚያስገባ የጥበብ ዓይነት ነው። በአዳራሹ መካከል 19 ሜትር የሚረዝም ሞላላ የእንጨት ገበታ ተዘርግቷል። ጎብኚው የሸክላ ጭቃ ቆርሶ ገበታው ዘንድ ይቀመጥና ጭቃውን በሁለት መዳፎቹ መካከል ክብ እስኪሆን ያድበለብለዋል፤ ሲጨርስም እዚያው ትቶት ይሄዳል።

ሥራው የልጅ ጨዋታ ቢመስልም በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ጭቃው በአንድ በኩል ሲጫኑት በሌላው ስለሚያብጥና እብጠቱ የሚጠፋው ከየአቅጣጫው እኩል በሆነ የለዘበ ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ የቸኮለ ሰው የሚያወጣው እንቁላል መሰል ነገር ነው፤ በጣም የዘገየም እንደሆነ እርጥበቱ በመዳፍ ሙቀት እያለቀ ገጹ ይሰነጠቃል። በዚህ መካከል ከ16 የድምፅ መስመሮች የደረቁ የጭቃ ድቡልቡሎች ሲንከባለሉና አርቲስቷ ራሳቸው ውሃ በጉሮሯቸው ይዘው ሲጉመጠመጡ የተቀዳው ድምፅ አዳራሹን ይሞላዋል፤ ጆሮም እጅ የያዘውን ያንኑ ክብነት ይከተላል።

እ.ኤ.አ. በ1957 በዴጉ ከተማ የተወለዱት ኪምሱጃ ወደዚህ መንገድ የገቡት በመርፌ ነው፤ በ1983 ከእናታቸው ጋር የአልጋ ልብስ ሲሰፉ ካደረባቸው ስሜት በኋላ ጨርቅንና «ቦታሪ» የተባለውን፣ ኮሪያውያን ዕቃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚይዙበትን ጥቅል፣ የሥራቸው ዋና ቁስ አደረጉ። ድቡልቡሉ ጭቃም በእጅ የተጠቀለለ ቦታሪ ነው ማለት ይቻላል፤ በውስጡ የተቋጠረው ግን ጎብኚው ያሳለፈው ጊዜ ነው።

ገበታው በሶል መዘርጋቱ ለሥራው የተለየ ክብደት ይሰጠዋል። በዚያን ጊዜ በኮሪያ የተፈቀደው የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 68 ይደርስ ነበር፤ ወደ 52 ዝቅ ማለት የጀመረው በ2018 ነው። እንዲህ ባለ አገር ደመወዝም ሆነ ውድድር የሌለበት፣ ውጤቱም ወደ ቤት የማይወሰድ የእጅ ሥራ ማቅረብ ዕረፍትን ራሱን የሚዳሰስ ነገር ማድረግ ነው፤ የሥራው ትልቁ ብርታትም ይኸው ነው። ሥራው ከሶሉ ትርኢት ሦስት ዓመት በኋላ በማሳቹሴትስ፣ ሴለም ከተማ በሚገኘው የፒቦዲ ኤሴክስ ሙዚየም በቀረበ ጊዜ፣ ገበታው በሌሎች እጆች እንደ አዲስ ተሞልቷል።