የድንጋይ ሽበት
ሰሜን ተራሮች ላይ የወጣ ሰው የአስታ ዛፎች ግራጫ ጢም አንጠልጥለው ያያል። ጢሙ የዛፉ አካል አይደለም፤ ከዛፉም ምግብ አይወስድም፤ ቅርንጫፉን የሚፈልገው ለመንጠልጠያ ብቻ ነው። ዓለቱ ላይ የተለጠፈው ብጫና አመድማ ቅርፊትም የእሱ ወገን ነው። ሳይንስ ላይከን ይላቸዋል፤ እኛ የዛፍ ሽበት፣ የድንጋይ ሽበት እንላቸዋለን።

የዕፅዋት ሊቃውንት ላይከንን ለረጅም ዘመን እንደ አንድ ተክል ቆጥረውታል። በ1867 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንዳዊው ሲሞን ሽቬንደነር ግን ይህ አንድ ፍጡር ሳይሆን ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት አካል ነው ብሎ ተነሣ። ስመ ጥሩ የላይከን ተመራማሪ ዊልያም ኒላንደር አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ነበር። ሽቬንደነር ራሱም ጥምረቱን የሰላም አላደረገውም፤ ፈንገሱን ጌታ፣ አልጌውን ባሪያ አድርጎ ነው የገለጸው።

ፈንገስ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ መሥራት አይችልም፤ አልጌ ይችላል። ላይከንን በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው ከላይ የፈንገሱ ክሮች ተጠላልፈው የሠሩትን ጥብቅ ሽፋን፣ ከሥሩ አረንጓዴዎቹን የአልጌ ሕዋሶች፣ ከዚያ በታች አየር የሚዘዋወርበትን የላላ ክር ያገኛል። አልጌው ከሚሠራው ስኳር ብዙው ወደ ፈንገሱ ይሄዳል። በአንዳንዶቹ ላይከኖች የአልጌውን ቦታ ሳያኖባክቴሪያ ይይዛል፤ እሱ ደግሞ ከስኳሩ በተጨማሪ ከአየር ናይትሮጂን ያዋጣል።

ታዲያ ሽቬንደነር ልክ ነበር? በከፊል። ፈንገሱ የአልጌውን እድገት ይገታል፤ የድርሻውም መጠን ይበልጣል። ሆኖም አልጌው ብቻውን ቢሆን በዚያ ራቁት ዓለት ላይ ፀሐይና ድርቅ ይጨርሱት ነበር። በፈንገሱ ሽፋን ውስጥ ግን ከፈንገሱ ጋር አብሮ ይደርቃል፣ ሥራውን ያቆማል፣ ጭጋግ ሲያርሰው መልሶ ይጀምራል። በ2005 የአውሮፓ ሳይንቲስቶች ላይከኖችን በሳተላይት ጭነው ለ2 ሳምንት ያህል ያለ አየር ለጠፈር አጋልጠዋቸው ነበር፤ ሲመለሱ በሕይወት ነበሩ። እንዲህ ያለውን ኑሮ ባርነት ማለት ይከብደኛል።

አዲስ ላይከን የሚገኝበት መንገድም ይህንኑ ያሳያል። ፈንገሱ የራሱን ዘር ብቻ ቢበትን፣ ዘሩ ባረፈበት ቦታ የሚስማማውን አልጌ ካላገኘ ላይከን አይሆንም። ስለዚህ ብዙዎቹ ላይከኖች ጥቂት የአልጌ ሕዋሶች በፈንገስ ክር የተጠቀለሉባቸውን ደቃቅ ብናኞች ይለቃሉ፤ ነፋስ ሁለቱንም አንድ ላይ ይወስዳቸዋል። በ2016 ደግሞ ቶቢ ስፕሪቢልና ባልደረቦቹ በበርካታ ላይከኖች ሽፋን ውስጥ ሦስተኛ አባል፣ ማለትም ሌላ ዓይነት ፈንገስ በእርሾ መልክ አግኝተዋል። ሥራው ምን እንደሆነ አሁንም ያከራክራል።

ላይከን ሥር የለውም፤ ውኃውንም ማዕድኑንም የሚያገኘው በአብዛኛው ከዝናብና ከአየር ነው። አየሩ ውስጥ ያለ መርዝም አብሮ ይገባል። ያው ኒላንደር በ1866 በፓሪስ የሉክሰምበርግ መናፈሻ ዛፎች ላይ ከከተማው ሌላ ክፍል የጠፉ ላይከኖችን አይቶ፣ የአየር ንጽሕና ምልክት ናቸው ሲል ጻፈ። ከ30 ዓመት በኋላ ከዚያም ጠፍተው ነበር። ከድንጋይ ከሰል ጭስ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ቀድሞ የሚጎዳው አልጌውን ነው፤ አልጌው ከሞተ ፈንገሱ የሚበላው የለውም።