መረቡ ከጡንቻው በላይ ወይስ በታች?

በቀዶ ጥገና የወለደች ሴት ጠባሳዋ ላይ ስትስል የሚወጣ፣ ስትተኛ የሚመለስ እብጠት ብታይ ቀድማ የምትሰማው ምክር «መቀነትሽን ጠበቅ አድርጊ» የሚል ነው። መቀነት ለጊዜው ይደግፋል፤ ሕመሙንም ሊያቀል ይችላል። ይህ እብጠት፣ ማለትም ሄርኒያ፣ ግን የሆድ ግድግዳ ሳስቶ መከፈት ስለሆነ በአዋቂ ሰው ላይ በመቀነትም በመድኃኒትም አይዘጋም፤ የሚጠገነው በቀዶ ጥገና፣ ብዙውን ጊዜም ክፍተቱን በሚያጠናክር የፕላስቲክ መረብ ነው።

«ታዲያ ቀዳዳውን በክር ሰፍቶ መልቀቅ ነው፤ ባዕድ ነገር ሆድ ውስጥ ምን ያደርጋል?» የሚል ብዙ ነው። ዕድሜ ልክ የሚቀር ፕላስቲክ ሲባል የሚደነግጥ ሰው አይፈረድበትም። ችግሩ የሳሳ ሥጋ በክር ብቻ ተስቦ ሲገጠም በሳል፣ በማማጥና ዕቃ በማንሳት መልሶ መከፈቱ ነው። የኔዘርላንድስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ በጠባሳ ላይ የወጣ ሄርኒያ በክር ብቻ ከተሰፋላቸው መካከል በሦስት ዓመት ውስጥ 43 በመቶው፣ መረብ ከገባላቸው መካከል ደግሞ 24 በመቶው ተመልሶባቸዋል። እስከ አሥር ዓመት ሲከታተሏቸው ቁጥሩ ወደ 63 እና 32 በመቶ ወጣ። መረቡ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ሰውነት ሥጋ በቀዳዳዎቹ መሃል እያበቀለ ይይዘዋል እንጂ አይተፋውም። ኢንፌክሽን ከገባበት ግን ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ስኳርን ማስተካከልና ሲጋራ ማቆም የሚታዘዝበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «መረብ ከገባ የትም ቢቀመጥ ያው ነው» የሚለው ነው። ያው አይደለም። መረቡ በቀዳዳው ልክ ተቆርጦ ጠርዝ ለጠርዝ ብቻ ሲሰፋ ኃይሉ ሁሉ በስፌቱ ላይ ያርፋል፤ በብዛት የሚከሽፈውም ይህ አሠራር ነው። ከጡንቻው በላይ፣ ከስቡ ሥር ሲነጠፍ ሥራው ይቀላል፤ ነገር ግን ቆዳውና ስቡ በሰፊው ስለሚገለጡ ክፍተቱ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ሦስተኛው በፈረንሳዮቹ ሐኪሞች በሪቭስና በስቶፓ ስም የሚጠራው ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከእምብርት ግራና ቀኝ ያሉትን ቀጥ ያሉ ጡንቻዎች ከኋላቸው ካለው ሽፋን ቀስ አድርጎ ያላቅቃል፤ ሽፋኑን ይሰፋል፤ መረቡን በሽፋኑና በጡንቻው መሃል ከቀዳዳው ዙሪያ ብዙ ሴንቲ ሜትር አልፎ እንዲሄድ ያነጥፋል። የበርሜል ቀዳዳ ከውስጥ ሲለጠፍ ውሃው ራሱ ልጣፉን እንደሚጫነው፣ የሆድ ግፊትም መረቡን ወደ ጡንቻው ይገፋዋል። አንጀትም አይነካውም። ለብዙ የጠባሳ ሄርኒያ እኔም የምመርጠው ይህንን ነው።

ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ለሄርኒያ የተጋለጡ ሰዎች ሆድ ተከፍቶ ሲዘጋ መከላከያ መረብ የገባበት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ በክር ብቻ ከተዘጋላቸው 30 በመቶው፣ መረቡ ከጡንቻ ሥር ከገባላቸው 18 በመቶው፣ ከላይ ከገባላቸው ግን 13 በመቶው ብቻ ሄርኒያ ወጣባቸው። ከላይ በገባላቸው ላይ ግን ፈሳሽ በብዛት ተጠራቀመ።

«በካሜራ ከተሠራ ይበልጣል» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ የቁስል ኢንፌክሽን ይቀንሳል። መረቡ ሆድ ዕቃ ውስጥ ከአንጀት ፊት ለፊት ሲቀመጥ ግን በአንጀት በኩል ያለው ገጽ ልዩ ሽፋን ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ አንጀት ይጣበቅበትና ቀጣዩን ቀዶ ጥገና ያከብዳል። ስለዚህ ሐኪሙን «መረብ ታስገባለህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ከየትኛው ሽፋን መሃል፣ ምን ዓይነት መረብ፣ ከቀዳዳው ምን ያህል አልፎ የሚሉትም መጠየቅ አለባቸው። ገና መውለድ የምታስብ ሴትም አስቀድማ ትንገረው፤ ችግሩ አስቸኳይ ካልሆነ ጥገናው ከመጨረሻው ወሊድ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ ማስታወክ ከመጣ ወይም ፈስና ሰገራ ከቆመ ግን ቀጠሮም ምርጫም የለም፤ አንጀቱ ታንቆ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።