ሞተሩ ሲያልበው

ከካርቱም ወደ ጀበል አውሊያ ሲወርዱ ነጭ አባይ በስተቀኝ ይከተላል፤ ከተማው ሳያልቅ ካላክላ ይመጣል። ላፋ በሚባለው ገበያ አጠገብ ሚኒባሶች፣ አምጃድ የሚሏቸው ትንንሽ የዴው መኪኖችና ሪክሻዎች ተሳፋሪ ጠብቀው ሲነሱ፣ ቆመውበት የነበረው አሸዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይቀር ነበር። ይህ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ከመፈንዳቱ በፊት ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ ጥላው የነበረው የንግድ ማዕቀብ የመኪናና የመለዋወጫ ግዢውንም ክፍያውንም አክብዶት ኖሯል። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወድዶታል። የ30 ዓመት ኮሮላ ወይም ሃይስ ይዞ የሚያድር ሰው፣ ካላክላም ይሁን አዲስ አበባ፣ አዲስ መኪና ከማሰቡ በፊት «ይቺ ዘይት ከየት ነው የምትመጣው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከመተማ ተሻግሮ ካርቱም ወርሻ (ጋራዥ) የገባ መካኒካችንን መጀመሪያ የሚቸግረው የዕቃ ስም ነው። ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ኮፓ፣ ቡሎን እያለ ያደገባቸው ቃላት ከጣሊያን የመጡ ናቸውና ሱዳናዊው ባልደረባው አያውቃቸውም። ዘይት ግን ለሁለቱም ዘይት ነው።

ሞተር ከአንድ ብረት የተሠራ አይደለም። ቴስታታው ላይ ክዳን አለ፣ ከሥሩ ኮፓ አለ፤ በየመጋጠሚያው ከወረቀት፣ ከቡሽ ወይም ከጎማ የተሠራ ጓርኒሲዮን ይገባል። የሚሽከረከር ዘንግ ብቅ በሚልበት በኩል ደግሞ ዙሪያውን ለስልሶ የሚነካ የጎማ ቀለበት፣ ኦይል ሲል፣ ዘይቱን ይይዛል። ጎማ ዓመት ሙሉ እየጋለና እየቀዘቀዘ ሲኖር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ቡሽም ይኮማተራል። በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚያልፈው የካርቱም ሙቀት ይህ ይፋጠናል። የጋለ ዘይት ደግሞ ስለሚቀጥን ቀዝቃዛው ያላለፈባትን ቀዳዳ ያልፍባታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጠብታው የወደቀበትን ቦታ አይቶ ኮፓውን ያስፈታል። ዘይት ግን ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድም ንፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከቴስታታው ክዳን የወጣ ዘይት ሞተሩን ተከትሎ ወርዶ ኮፓው ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ፍለጋው ከላይ ነው የሚጀመረው። ሃቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል አቧራ ዘይት በነካው ሁሉ ላይ ስለሚለጠፍ የቆሸሸ ሞተር ምንም አያሳይም። ሞተሩ ሲበርድ በናፍታና በብሩሽ ታጥቦ ይደርቃል፤ ናፍታው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ማስነሳት አደጋ አለው። ከዚያ አንድ ቀን ተነድቶ ማታ ከሥሩ ካርቶን ይነጠፋል። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ከታየ የሞተር ዘይት ነው፤ ቀላ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ነው። ንጹህ ውኃ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከኤሲው የወረደ ነውና፣ የራዲያተሩ ውኃ ካልጎደለ አያሳስብም።

በቅርቡ ሰርቪስ የተደረገ መኪና ከሆነ ፊልትሮውንና የማፍሰሻውን ቡሎን አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል። የድሮው ፊልትሮ ጎማ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከታሰረ ሁለቱ ጎማዎች አብረው አይይዙም፤ የቡሎኑ ሮንዴላም ተደጋግሞ ከታሰረ ያልቃል። ሁለቱም ርካሽ ናቸው።

አንድ ነገር በጣም ይረሳል፤ የሞተሩ መተንፈሻ። በፒስተኑ ፋሻ አልፎ ወደ ታች የሚገባ ጋዝ በመተንፈሻው በኩል መውጣት አለበት። ቱቦው ወይም ቫልቩ በቆሻሻ ከተደፈነ ግፊቱ ውስጥ ይጠራቀምና ደካማ ያገኘውን ኦይል ሲል ገፍቶ ዘይት ያስወጣል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ጓርኒሲዮን ሦስት ጊዜ ቢቀየር ሦስት ጊዜ ያፈሳል። እኔ ብጠየቅ ከማንኛውም መፍታት በፊት መተንፈሻው ይጽዳ እላለሁ።

ቡሎን አጥብቆ መፍትሔ መፈለግም የተለመደ ጥፋት ነው። የቴስታታ ክዳን ቡሎኖች በትንሽ ኃይል እንዲታሰሩ የተሠሩ ናቸው፤ ሲጠብቁ ክዳኑ ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም ይጨመቅና ይቀደዳል። ሲሊኮን በዝቶ ሲቀባም ትርፉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ተቆርሶ የዘይት ፓምፑን መሳቢያ ወንፊት ከደፈነ ትንሹ ማላብ ሞተር ይጨርሳል። ወፈር ያለ ዘይት፣ ለምሳሌ 20 ደብሊው 50፣ በሞቃት አገር ያረጀ ሞተርን ሊረዳ ይችላል። 50 የሚለው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለውን ውፍረት ያመለክታል። ቢሆንም የመኪናው መጽሐፍ ከሚፈቅደው መውጣት አይገባም።

ሁሉም ማፍሰስ ወዲያው አይጠገንም። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው የኋላ ኦይል ሲል ራሱ ርካሽ ሆኖ ሳለ ካምቢዮ ያስወርዳል። በየደቂቃው አንድ ጠብታ የሚጥል መኪና በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ 720 ጠብታ ነው፤ አንድ ሊትር ከ20 ሺህ ጠብታ በላይ ስለሆነ በወር አንድ ሊትር ገደማ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ሾፌር በየጠዋቱ ዘይቱን ለክቶ፣ የጎደለውን ሞልቶ፣ ፍሪሲዮን የሚቀየርበትን ቀን ጠብቆ ሁለቱን በአንድ የእጅ ዋጋ ያሠራል። ይህ ቸልተኝነት አይደለም፣ ጥሩ አያያዝ ነው። በብዙ መኪኖች መለኪያው ዘንግ ላይ ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው አንድ ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ይህ ሾፌር አንድ ወር ዘይት ሳያይ ከቆየ ታችኛው ምልክት ላይ ይደርሳል።

የማይታገሡት ማፍሰስ ግን አለ። ዘይቱ የጋለ የጭስ መውጫ ላይ እየወደቀ ከሸተተ ወይም ከጨሰ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ያ መኪና በዚያው ቀን ጋራዥ ይግባ። በመንገድ ላይ ሳላችሁ ቀይዋ የዘይት መብራት ከበራች ደግሞ ጋራዥ እስክደርስ አትበሉ። ዳር ይዛችሁ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ።