የቦርድ ወንበርና የስሜን ሴቶች

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የገባ መንገደኛ፣ በገበያው ባቄላውን፣ ድንቹንና ነጭ ሽንኩርቱን ዘርግታ የምትሰፍረው፣ ዋጋውን የምትቈርጠውና ሒሳቡን በልቧ የምትይዘው ሴት መሆኗን ሳያይ አያልፍም። ነገር ግን ስለ ማዳበሪያው ዕደላና ስለ ትርፉ ክፍፍል የሚመክረው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጉባኤ በተጠራ ጊዜ፣ በአመራሩ ወንበር ላይ የሚሰየሙት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። በኅብረት ሥራ ሕግ እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ አባልነቱ ግን በአባወራው ስም ሲጻፍ የኖረ እንደ መሆኑ መጠን፣ ማሳውን ስታርም የከረመችው ሚስት ድምፅ አልባ ትሆናለች፤ ድምፅ የሌላትም ለሢመት አትታጭም።

በትልልቆቹ ኩባንያዎችም ነገሩ ያው ነው፤ ወደ ቦርድ የሚያደርሰው ደጅ ባለቤትነት ነውና። በ11 ሴቶች አሳቢነት ተመሥርቶ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ ከባለአክሲዮኖቹ የሚበዙት ሴቶች በመሆናቸው፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የመጀመሪያዋ የቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ሲሰየሙ ከማንም ችሮታ መለመን አላስፈለገም። ከስሜን መሳፍንት ወገን የሚወለዱት እቴጌ ጣይቱ ብጡልም ከዚያ መቶ ዓመት ቀደም ብለው ለእርሻና ለንግድ መስፋፋት የሚያበድር ማኅበር ማቋቋማቸውን ስናስብ፣ ሴት በገንዘብ ምክር መቀመጧ ለዚህ አገር ባዕድ ነው የሚለውን ቃል ለመቀበል እጅግ ያዳግተኛል።

ኖርዌይ በ2003 እ.ኤ.አ. የአክሲዮን ኩባንያዎች ቦርድ ቢያንስ 40 በመቶ ከሁለቱም ጾታ እንዲሆን ደነገገች፤ ኩባንያዎቹ በፈቃዳቸው ይፈጽሙት ዘንድ ቢጠበቁ ቸል ስላሉ፣ ያላሟላው እስከ መፍረስ የሚያደርስ ቅጣት ተጨመረበትና በ2008 ተፈጸመ። የእኛም ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ለሴቶች የተለየ ድጋፍ እንዲደረግ ይፈቅዳልና፣ ቅጣት ያለው ድንጋጌ ማውጣት የሚያስነውር አይደለም።

ለስሜን ግርጌ መንደሮች ግን ከቁጥሩ በፊት መዝገቡ ይቀድማል። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሬት ይዞታ ሲመዘገብ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው በአንድ ደብተር ሰፍሯል፤ ለመሬቱ የተደረገው ለማኅበሩ አባልነት የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም። ጉባኤውም ሴቶች ከገበያ በማይውሉበት ዕለት ቢጠራ፣ ለምርጫ የምትቀርብ ሴት አልተገኘችም የሚለው ምክንያት መቆሚያ ያጣል።