የሕንፃ መሠረትና የመደብ ጥያቄ

የምህንድስና ጥበብ ከማኅበራዊ ትግል ርቆ የቆመ፣ የማንንም ወገን ጥቅም የማያገለግል ንጹሕ ዕውቀት ነው የሚሉ ጥቂት አይደሉም። ምሰሶ ለባለጸጋም ለድኃም ያው ምሰሶ ነው ይላሉ። ይህ አባባል ምን ያህል ከእውነት የራቀ መሆኑን የሜክሲኮ ዋና ከተማ የሜክሲኮ ሲቲ አፈር ይመሰክራል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አዝቴኮች በ1325 በቴክስኮኮ ሐይቅ ደሴት ላይ የቆረቆሯትን ከተማ የስፔን ቅኝ ገዥዎች በ1521 በጦር ኃይል ይዘው መቅደሶቿን በማፍረስ በፍርስራሹ ላይ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ገነቡ። ሐይቁም በዘመናት ውስጥ እንዲደርቅ ተደረገ፤ ጭቃው ግን አልደረቀም። ይህ ሸክላማ አፈር በብዙ ሥፍራ በውስጡ የያዘው ውሃ ከደረቁ አፈር ክብደት ሦስትና አራት እጥፍ ይደርሳል። የእኛ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የሜክሲኮው ጭቃ ግን ውሃው በተጨመቀ ወይም በተሳበ ቁጥር መስመጥን እንጂ ተመልሶ መነሣትን አያውቅም። የመስመጡ ዋነኛ ምክንያት የሕንፃዎች ክብደት ብቻ ሳይሆን ከተማይቱ ከሥሯ በጉድጓድ የምትስበው የመጠጥ ውሃ መሆኑን መሐንዲሱ ናቦር ካሪዮ በ1940ዎቹ መገባደጃ አስረዳ። በ1910 የተመረቀው የነፃነት ሐውልት በጥልቅ መሠረት ላይ ስለቆመ እርሱ በቦታው ሲጸና ዙሪያው ያለው መንገድ እየወረደ ሄዶ 14 ተጨማሪ ደረጃዎች መሥራት ግድ ሆኗል።

ሳይንስ በዚህ ጭቃ ፊት አቅመ ቢስ ነበር ማለት አይደለም። በ1956 የተከፈተው ባለ 44 ፎቁ ቶሬ ላቲኖአሜሪካና ለዚህ ሕያው ማስረጃ ነው። መሐንዲሱ ሊዮናርዶ ሴቫርት 361 የኮንክሪት ምሰሶዎችን 33 ሜትር ያህል አውርዶ ከላይኛው ጭቃ በታች ባለው ጠንካራ አሸዋማ ንብርብር ላይ አሳረፋቸው። ከዚህም ሌላ ጥልቅ ምድር ቤት አስቆፍሮ፣ መርከብ በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ሁሉ፣ የወጣው አፈርና ውሃ ክብደት የሕንፃውን ክብደት በከፊል እንዲያካክስ አደረገ፤ የአካባቢው አፈር እንዳይሟሽሽም ውሃ ወደ መሬቱ እንዲመለስ ዘዴ አበጀ። የ1957ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የነፃነት ሐውልቱን ባለ ክንፍ ምስል ከአናቱ ሲያወርደው ይህ ሕንፃ ንቅንቅ አላለም። ባለቤቱ የኢንሹራንስ ኩባንያ ነበር። ካፒታል የራሱን ንብረት መጠበቅ ሲፈልግ ለሳይንስ የሚከፍለው አያጣም።

ጥልቅ መሠረት ግን ለዓይን አይታይም፣ ኪራይም አያስገኝም። ትርፍ ብቻ በሚመራው ግንባታ ቁጠባ የሚጀመረው ከዚህ ነው።

ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 ከጧቱ 1 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ላይ ከፓስፊክ ጠረፍ የተነሣው ነውጥ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጦ ከተማይቱን መታ። የድሮው ሐይቅ ጭቃ ነውጡን አጉልቶ በየሁለት ሴኮንዱ ገደማ አንዴ ይወዛወዝ ስለነበር፣ ከዚሁ ጋር የሚስማማ ንቅናቄ ያላቸው ከ6 እስከ 15 ፎቅ የሚደርሱ ሕንፃዎች ይበልጥ ተጎዱ። ጠንካራው ንብርብር ላይ ሳይደርሱ ከጭቃው ጋር በመጣበቅ ብቻ በሚሸከሙ ምሰሶዎች ላይ ከቆሙት አንዳንዶቹ ሰመጡ፣ አዘመሙ፤ አንደኛው እንዲያውም ምሰሶዎቹን ከመሬት ነቅሎ ተገለበጠ። ቶሬ ላቲኖአሜሪካና ግን ዳግመኛ ቆመ።

በዚያች ሰዓት በሳን አንቶኒዮ አባድ ጎዳና ባሉ ፋብሪካዎች ልብስ ሰፊ ሴቶች ሥራ ጀምረው ነበር። ወለሎቹ በከባድ መሣሪያዎችና በጨርቅ ጥቅሎች ተጨናንቀው ስለነበር ፎቅ በፎቅ ላይ ተደራረበ። ከጥፋቱ የተረፉት ሴቶችና የሟቾቹ ቤተሰቦች እንደመሰከሩት፣ ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ በፍርስራሹ ሥር ያሉትን ሠራተኞች ከማውጣት ይልቅ መሣሪያዎቻቸውን ለማዳን ተጣደፉ። ሴቶቹ ተስፋ አልቆረጡም። ወር ተኩል ሳይሞላ በዚያች ቀን ስም የሚጠራ ብሔራዊ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር መሥርተው ካሣቸውን ጠየቁ።

መንግሥትም በ1987 የሕንፃ ደንቡን አሻሽሎ አወጣ። ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ በዚያው ሴፕቴምበር 19 ቀን መሬቱ እንደገና ሲናወጥ፣ ስሙ የሠራተኞች ሰፈር ማለት በሆነው በኮሎኒያ ኦብሬራ ሴት ሠራተኞች ይሠሩበት የነበረ ሕንፃ ተደረመሰ። ደንቡ ተጽፎ ነበር፤ ቶሬ ላቲኖአሜሪካናም ለሦስተኛ ጊዜ ጸንቶ ቆመ።